የከተማው ሕፃን የማን ልጅ ነው?

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አባባል ከአባቶቻችን የወረስነው፣ ዛሬም በየአራስ ቤቱ እንደ ምርቃት የሚነገር ነው። አባባሉ በፈለቀበት ኅብረተሰብ ውስጥ ፍጹም ሐሰት አልነበረም። በገጠሩ ኑሮ የሕፃኑ «ዕድል» የሚባለው ነገር ሥጋና ደም የለበሰ ነበርና። አያቱ ነበረች፤ አክስቱ ነበረች፤ ከአጥር ማዶ ያለችው ጎረቤት ነበረች፤ ታናሿን አዝላ የምትጫወት የሰባት ዓመት እኅት ነበረች። እናት ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ሕፃኑ ከአንዱ እቅፍ ወደ ሌላው ይተላለፋል እንጂ ያለ ጠባቂ አይቀርም። ይህን ሁሉ የሰው ጉልበት ጠቅልሎ «ዕድል» ብሎ ለመጥራት የተቻለው ጉልበቱ ተቆጥሮና ተመዝኖ ስለማያውቅ ብቻ ነው።

ወደ ታላቅ ከተማ የሚፈልስ ቤተሰብ ጓዙን ሲጭን ይህን ጉልበት ሊጭነው አይችልም። አልጋውና ሣጥኑ ይጫናል፤ አያቲቱ ግን ደጇንና ከብቷን ትታ አትመጣም፤ ብትመጣም በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት የምታርፍበት ቦታ የለም። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአዲስ አበባ 2 ሚሊዮን 739 ሺህ 551 ነዋሪዎችን የመዘገበ ሲሆን፣ ከእነዚህም ግማሽ ገደማ የሚሆኑት ከሌላ ስፍራ መጥተው የሰፈሩ ነበሩ። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ ጥቂት እንግዶች ችግር አይደለም። ሕፃን ታቅፎ ከተማን መልመድ በአዲስ አበባ የብዙኃኑ የሕይወት ታሪክ ክፍል ነው። እንዲህም ሆኖ ጉዳዩ እስከ ዛሬ የጓዳ ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። በአደባባይ የሚነሡት የመኖሪያ ቤት፣ የትራንስፖርትና የኑሮ ውድነት ጥያቄዎች ናቸው፤ ሕፃኑ በሦስቱም ውስጥ እያለ በአንዱም አይጠራም።

ይህ ቤተሰብ ከከተማው ጋር የሚተዋወቀው በቤት ኪራይ በር ላይ ነው። ደላላው የኪራዩን መጠን ከመናገሩ አስቀድሞ «ልጅ አላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ልጅ ውኃ ያበዛል፣ ግድግዳ ያቆሽሻል፣ ሌሊት ያለቅሳል የሚል ነው የብዙ አከራዮች ምክንያት። በተወለደችበት መንደር የልጅ እናት በመሆኗ የተከበረች ሴት በከተማው በር ላይ ያው ልጅ እንደ ጉድለት ይቆጠርባታል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ መደንገጉ ተገቢ እርምጃ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለው ድንጋጌ የሚጠብቀው ውል የያዘውን ተከራይ ነው፤ ልጅ በመታቀፉ ከደጅ የተመለሰው ሰው ምን ውል ይዞ ይከራከራል?

ዕጣ የደረሰውና የጋራ መኖሪያ ቤት ያገኘው ቤተሰብ ከዚህ ውርደት ተርፏል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በአዲስ አበባ የተካሄደው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ለብዙ ሺህ ቤተሰቦች የራሳቸው የሆነ ጣሪያ ማስገኘቱ ሊካድ አይገባም። ይሁን እንጂ በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱና በቦሌ አራብሳ የተገነቡትን ሕንፃዎች በሦስት ዓመት ሕፃን ዓይን ለተመለከታቸው ሌላ መልክ አላቸው። ብዙዎቹ አሳንሰር የሌላቸው ባለ አራት ፎቅ ናቸው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን እናት ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ ጀሪካን በእጇ አንጠልጥላ ደረጃውን ትወጣለች። በሕንፃዎቹ መካከል የተተወው ባዶ ቦታ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። በረንዳው ደግሞ ልብስ ማስጫ ነው፤ ሕፃን እንዳይወድቅ ተብሎ በሩ ተዘግቶ የሚውልበትም ቤት ብዙ ነው።

እዚህ ላይ እንደ ቀላል የሚታይ፣ ነገር ግን ቀላል ያልሆነ አንድ ጉዳይ አለ። እናቶቻችን አራስ ልጅን በጠዋት ከደጅ አውጥተው ፀሐይ የማሞቅ ልማድ ነበራቸው። ይህ ልማድ ከሳይንስ ጋር የሚስማማ ነው፤ የሰው ቆዳ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኝ ቫይታሚን ዲ ይሠራል፣ ያለ ቫይታሚን ዲ ደግሞ የሕፃን አጥንት በሚገባ አይጠነክርም፤ ሪኬትስ የሚባለው በሽታ የሚከተለውም ከዚህ ነው። ዓመቱን በሙሉ ፀሐይ በማታጣው አዲስ አበባ ይህ በሽታ በሐኪም ቤቶች መታየቱ የፀሐይ እጥረት ስላለ አይደለም። ሕፃኑን ከፀሐይ ጋር የሚያገናኘው ደጅና ይዞት የሚወጣው ሰው ስለጠፉ ነው። በእርግጥ «ምች ይመታዋል»፣ «ዓይን ያርፍበታል» የሚለው ፍርሃትም የራሱን ድርሻ ያዋጣል፤ ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችን እናት ምች ፈራች ብሎ ብቻ መውቀስ ደረጃውን አለመቁጠር ነው።

ከተማው ስለ ሕፃናት ምንም አላሰበም ማለት ከእውነት መራቅ ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በተጀመረው መርሐ ግብር መኪና በተከለከለባቸው እሑዶች ሕፃናት በአስፋልት ላይ ኳስ ሲጫወቱና ብስክሌት ሲለማመዱ ታይቷል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማትም በመሃል ከተማ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችና የመጫወቻ ቦታዎች ተሠርተዋል። የሕፃን ጋሪ ያለ እንቅፋት የሚገፋበት መንገድ ለአዲስ አበባ አዲስ ነገር ነው። ሆኖም ሕፃን ያላቸው ብዙዎቹ ወጣት ቤተሰቦች የሚኖሩት ኪራይ በሚቀንስበት ወይም ዕጣ በጣላቸው በከተማው ዳርቻ ነው። መንገዱ መሃል፣ ጋሪው ዳር ሆኖ መቅረት የለበትም።

ከሁሉ የከፋው ቅራኔ ግን በመንገድ ላይ የሚታይ አይደለም። በቀን መቁጠሪያ ላይ ነው የሚገኘው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ የ90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። ቀድሞ ከነበረው 60 ቀን ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ እመርታ ነው። በሌላ በኩል የጤና ባለሙያዎች ሁሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ጭምር፣ ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራሉ። ስድስት ወር 180 ቀን ያህል ነው። በ91ኛው ቀን ጠዋት እናቲቱ በታክሲ ሰልፍ ላይ ትቆማለች፤ ጡቷ ወተት ይዞ፣ ልጇ ሌላ ሰው ዘንድ ቀርቶ። ለሕፃኑ ጤና የተሰጠው ምክርና ለእናቱ ሥራ የተሰጠው ሕግ በ90 ቀን ይለያያሉ። ይህን ልዩነት እንድትሞላ የተፈረደባት እናት ብቻዋን ናት። አባትማ በዚሁ አዋጅ የተሰጠው ፈቃድ 3 ቀን ነው፤ ሕጉ አባትን እንደ አራስ ጠያቂ ቆጥሮታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ክፍተቱ በ180ኛው ቀንም አይዘጋም። መዋዕለ ሕፃናት ብዙውን ጊዜ 4 ዓመት ያልሞላውን ልጅ አይቀበሉም። ከ91ኛው ቀን እስከ አራተኛው ዓመት ባለው ጊዜ ሕፃኑ የት ይዋል? ይህ ጊዜ ልጅ የሚቆምበት፣ የሚራመድበት፣ አፉን የሚፈታበት ጊዜ ነው። የሰው ልጅ አእምሮ በፍጥነት የሚገነባበት ዘመን መሆኑንም ማንም የሚክደው የለም። በዚህ ዘመን ግን ሕፃኑን በስሙ የሚጠራው ማኅበራዊ ተቋም ከክትባት ካርዱ በስተቀር የለም ለማለት ይቻላል።

ቤተሰቦች ለዚህ ጥያቄ በየግላቸው መልስ ፈልገዋል። አንዳንዱ ሕፃኑን ጡት አስጥሎ ወደ አያቱ ይልካል፤ ልጁም እናቱን በስልክ ድምፅ ብቻ የሚያውቃት ይሆናል። አንዳንዷ እናት ሥራዋን ትለቃለች፤ በሕዝብ ገንዘብ የተማረች ነርስ ወይም የሒሳብ ባለሙያ በሙያዋ መካከል ትቀራለች፣ ቤቱም በአንድ ደመወዝ ይንገዳገዳል። አብዛኛው ቤተሰብ የሚይዘው መንገድ ግን ሦስተኛው ነው፤ ቤት ያገኘለት ያው ደላላ አሁን ደግሞ ሞግዚት ያመጣለታል።

ሞግዚት የምትባለው ማን ናት? በብዙ ቤት አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ዓመት የሆናት፣ አንዳንዴም ከዚያ የምታንስ፣ ከገጠር ወይም ከትንሽ ከተማ ትምህርቷን አቋርጣ የመጣች ልጅ ናት። ሕፃን ማሳደግን የተማረችው ታናናሾቿን በማዘል ነው። ከተማውን አታውቅም፤ የጋዝ ምድጃ፣ የኤሌክትሪክ መሰኪያ፣ የአራተኛ ፎቅ በረንዳ ለእርሷም ለሕፃኑም እኩል አዲስ ናቸው። «ሕፃን ይዞ ከተማን መልመድ» ስንል በመጀመሪያ በአእምሯችን የምትመጣው እናቲቱ ናት፤ በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ ይህን በተግባር የምትፈጽመው ግን ይህች ልጃገረድ ናት። ልጅ ልጅን ታሳድጋለች።

አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ የሥራ ሰዓትን፣ የሳምንት ዕረፍትን፣ የዓመት ፈቃድን ይወስናል። ነገር ግን ይኸው አዋጅ፣ ከእርሱም በፊት የነበረው የ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 377፣ ለትርፍ ላልሆነ የግል አገልግሎት የተቀጠሩትን ሰዎች ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጓቸዋል፤ የሥራ ሁኔታቸውንም ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። በመደበኛ ሕግ ደረጃ የሚያስታውሳቸው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቂት አንቀጾች ናቸው። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የእናቲቱ የ8 ሰዓት የሥራ ቀን በሕግ የተጠበቀ ሊሆን የቻለው የልጅቷ የሥራ ቀን መጀመሪያና መጨረሻ ስለሌለው ነው። አንዷ ሴት ወደ አደባባይ ሥራ ስትወጣ ሌላዋ ሴት ከትምህርት ቤት ወጥታ ወደ ጓዳ ገብታለች። ይህ የሴቶች ነፃነት ሳይሆን የሸክም ዝውውር ነው።

ሸክሙም በዚህ አያበቃም። በማታ ትምህርት ጥቂት ክፍል የዘለቀችው፣ ከተማውን የለመደችውና ሕፃኑም የለመዳት ልጅ ጥቂት ብር ስታጠራቅም ዓይኗን ወደ ዓረብ አገር ትጥላለች። በቤይሩት ወይም በሪያድ የሌላ ሰው ልጅ ልታሳድግ ትሄዳለች፤ የራሷን ልጅ ወልዳ ከሆነም እርሱን ለእናቷ ትታ ነው። በአዲስ አበባ ያለው ሕፃን አንድ ቀን ጠዋት ሲነቃ የሚያውቀው ፊት የለም፤ ደላላው ሌላ ያመጣል። አሠሪዎች «የዛሬ ሠራተኛ አትበረክትም» እያሉ ያማርራሉ። ለምን ትበርክት? የሥራ ውል የሌላት፣ የዕድገት ተስፋ የሌላት፣ ጡረታ የማይታሰብላት ሠራተኛ የምትቆይበት ምክንያት ለሕፃኑ ያላት ፍቅር ብቻ ነው፤ ፍቅር ደግሞ ለቤተሰቧ ቀለብ ሆኖ ሊላክ አይችልም።

በዚህ ነጥብ ላይ ሁለት ዓይነት ክርክር ይሰማል። አንደኛው «እናት ቤቷ ትቀመጥ» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ሰዎች በአንድ ደመወዝ የአዲስ አበባን ኪራይ የሚከፍለው ማን እንደሆነ አይነግሩንም፤ አባባሉም ከባህል ይልቅ ከድሎት የመነጨ ነው፣ የአገራችን ሰፊ ሴት በእርሻም በገበያም ሳትሠራ የኖረችበት ዘመን የለምና። ሁለተኛው ክርክር «የግል የሕፃናት ማቆያዎች ተከፍተዋል፣ ያም ይበቃል» ይላል። ተከፍተዋል፤ አንዳንዶቹም በሚገባ ይሠራሉ። ግን የወር ክፍያው የአንዲት ጀማሪ ሠራተኛን ደመወዝ አጋማሽ ወይም ከዚያ በላይ የሚወስድ ማቆያ ለማን ነው የተከፈተው?

ሌሎች አገሮች በዚህ ጉዳይ የተጓዙበትን መንገድ መመርመር ይጠቅማል፤ ሳይመረምሩ መቅዳት ግን ይጎዳል። በቀድሞይቱ ምሥራቅ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከሦስት ዓመት በታች ከነበሩት ሕፃናት አብዛኞቹ በመንግሥት ማቆያዎች ይውሉ ነበር። በዚህም ምክንያት እናትነት ከሥራ የሚያስወጣ ምክንያት መሆኑ በእጅጉ ቀንሷል። ይህ የሚያስቀና ነው። ነገር ግን በዚያው አገርና በቼኮስሎቫኪያ ሕፃናት ከሰኞ እስከ ዓርብ ሌሊቱን ጭምር የሚያድሩባቸው ማቆያዎችም ነበሩ። የቼኮስሎቫኪያ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ገና እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ንጹሕ አልጋና በቂ ምግብ ያለው ሕፃን እንኳ የእኔ የሚለው ሰው ካጣ እንደሚጎዳ አሳይተዋል። ስለዚህ ሕፃንን እንደ ዕቃ በግምጃ ቤት ማስቀመጥ መልስ አይሆንም። ማቆያው ማታ ማታ ልጁን ለወላጁ የሚመልስ፣ ተንከባካቢዋም በየወሩ የማትለዋወጥ መሆን አለባት። ከራሳችን ታሪክም ብንወስድ ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በየቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት መከፈታቸው ይታወሳል፤ እነዚህም ለትምህርት የተቃረቡትን የሚያስተናግዱ እንጂ ለሚጠቡት የታሰቡ አልነበሩም።

በቅርቡ የተወሰደ አንድ እርምጃም አለ። በ2010 ዓ.ም. ወጥቶ የነበረው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ሕፃናት ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። በዚህ መሠረት ማቆያ የከፈቱ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ የምታጠባ እናት በሻይ ሰዓት ወርዳ ልጇን አጥብታ የምትመለስበት መሥሪያ ቤት ምን ያህል የሠራተኛ ጉልበት እንደሚያድን ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሆኖም መፍትሔው ከመሥሪያ ቤት አጥር ውስጥ ብቻ ከቀረ ሁለት ወገኖችን ይተዋል። አንደኛ፣ በግል ድርጅት፣ በጉሊት፣ በልብስ ስፌትና በቀን ሥራ የምትተዳደረውን እናት አይመለከትም። ሁለተኛ፣ ከዳርቻ ወደ መሃል የምትጓዘው እናት ሕፃኗን በጠዋቱ ብርድ በተጨናነቀ አውቶቡስ ይዛ እንድትመጣ፣ ማታም በዚያው ግፊያ እንድትመለስ ያስገድዳታል። ሕፃን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ሊጓዘው የሚገባ መንገድ አይደለም።

ከዚህ አኳያ ማቆያው መቅረብ ያለበት ወደ መኖሪያው ነው። ለዚህም የሚሆን ቤት የለም የሚባለው አያሳምንም። በጋራ መኖሪያ መንደሮች ውስጥ ልብስ ይታጠብባቸው፣ እንጀራ ይጋገርባቸው፣ በግ ይታረድባቸው ዘንድ ታስበው የተሠሩ የጋራ መገልገያ ሕንፃዎች አሉ። ከእነዚህ መካከል መጋዘን የሆኑ፣ ለንግድ የተከራዩ፣ ወይም ተቆልፈው አቧራ የሚጠጡ መኖራቸው ለነዋሪው የተሰወረ አይደለም። ከምድር ቤት ሱቆችም ብዙዎቹ በጨረታ ሲሸጡ ከመካከላቸው አንዷ ክፍል ለሕፃናት ትቆይ ያለ ድምፅ እምብዛም አልተሰማም። መጠጥ ቤት በሁሉም ሕንፃ ሥር ቦታ አግኝቷል። (ጸሐፊው የመጠጥ ቤት ጠላት አይደለም፤ ግን ቅደም ተከተል የሚባል ነገር አለ።)

ቤቱ ከተገኘ የሰው ኃይሉ በየጓዳው አለ። ዛሬ በስምና በደመወዝ መዝገብ የማይታወቁት ሞግዚቶች ጥቂት ወራት ሠልጥነው፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ምግብ፣ ስለ አደጋ መከላከልና ስለ ሕፃን ጨዋታ ተምረው፣ የተንከባካቢነት የምስክር ወረቀት ይዘው በደመወዝና በጡረታ ሊቀጠሩ ይችላሉ። አራት ቤት ውስጥ አራት ልጃገረዶች አራት ሕፃናትን ዘግተው ከሚውሉ፣ ሁለቱ በማቆያ ውስጥ ቢሠሩ ሌሎቹ ሁለቱ በቀን ትምህርት ቤት ሊገቡ ይችላሉ። ዕድሜያቸው ያልደረሰው መግባት ያለባቸውም እዚያ ነው።

የሥራ ሰዓቱም ከአሁኑ መታሰብ አለበት። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥታ በ2 ሰዓት ተኩል ሜክሲኮ መገኘት ያለባት ሠራተኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ሰልፍ ላይ ናት፤ ማታም ቤቷ የምትደርሰው ከመሸ ነው። እንደ መሥሪያ ቤት በ2 ሰዓት ተኩል ተከፍቶ በ11 ሰዓት ተኩል የሚዘጋ ማቆያ ለእርሷ የተዘጋ ያህል ነው። በ12 ሰዓት መከፈትና እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል መቆየት ይኖርበታል፤ ይህም ሁለት ፈረቃ ተንከባካቢዎችን ይጠይቃል። የወላጆች መዋጮ የመጀመሪያውን ፈረቃ ደመወዝ ይሸፍን ይሆናል፤ ሁለተኛውን ግን በየመንደሩ ያሉት የነዋሪዎች ማኅበራትና ወረዳዎቹ፣ የሕንፃውን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሊነጋገሩበት ይገባል።